ከአባባ መደብ ላይ ሲታይ

ስዕል እንዳስተምር የተመደብኩት ሒሳብ ስለማውቅ ነው። ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፤ እኔም ብያለሁ። ወልድያ ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የነበረው የስዕል መምህር ተዛውሮ ሄደ፣ ተተኪ ሲፈለግ ተተኪ ጠፋ፣ የእኔ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ርዕሰ መምህሩ መጽሐፉን ከፍቶ አንድ ገጽ አሳየኝ። መስመር አለ፣ ማስመሪያ አለ፣ ነጥብ አለ፤ ይሄ ሒሳብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው ብሎኝ ወጣ። እኔ ደግሞ ዶሮ ሳዪ ብባል ድመት የሚወጣኝ ሰው ነኝ።

ገጹ «ባለ አንድ ነጥብ እይታ» ይላል። ከእኛ እየራቁ የሚሄዱ ትይዩ መስመሮች ሁሉ በዓይናችን ትይዩ ባለ አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙ ሆነው ይታያሉ ይላል። ደሜ ፈላ። ትይዩ መስመሮች አይገናኙም እያልኩ ስንቱን ልጅ ሳስተምር ኖሬ፣ ይገናኛሉ ብሎ የጻፈውን ስንቱን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ፣ አሁን በዚያው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቆሜ ይገናኛሉ ልበል? መጽሐፉን ዘግቼ ቤቴ ሄድኩ። ግን ነገሩ ከነከነኝ። እራት ላይ ከነከነኝ፣ ልብስ ሳጥብ ከነከነኝ። በማግስቱ ከተማሪ ቀድሜ ትምህርት ቤት ተገኘሁ።

የመምህራን ማረፊያው መስኮት ረጅሙን ኮሪደር ያሳያል። መጽሐፉ መስታወት ላይ ተለማመዱ ስለሚል፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አገጬን የወንበር መደገፊያ ላይ አድርጌ፣ የማየውን በደረቅ ሳሙና መስታወቱ ላይ እከተለው ጀመር። የወለሉን ጠርዝ፣ የጣሪያውን ጠርዝ፣ የበሮቹን አናት። ከዚያ ማስመሪያ አምጥቼ መስመሮቹን አስረዘምኳቸው። ወይ ጉድ! ወለሉ እየራቀ ሲሄድ ሽቅብ ይወጣል፣ ጣሪያው ቁልቁል ይወርዳል፣ ሁሉም እየተጠጋጉ ሄደው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ልክ በዓይኔ ከፍታ፣ አንድ ቦታ ገጠሙ። ጎንበስ አልኩ፤ ነጥቡ አብሮኝ ጎንበስ አለ። ቀና አልኩ፤ አብሮኝ ቀና አለ። ወደ ግራ ብሄድም ወደ ግራ ይከተለኛል። ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ ኮሪደር ስመላለስ ነጥቡን ይዤው ነበር የምዞረው ማለት ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ መስታወቱን ማን ነው ያጨማለቀው ስትል፣ እኔ ነኝ ብዬ ራሴ አጠብኩት።

ከዚያ ወዲያ ጤና አጣሁ። የሱቅ በረንዳ ባየሁ ቁጥር አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ወደ መርሳ በሚሄድ ሚኒባስ ስሳፈር የፊቱን ወንበር ለማግኘት ከሰው ጋር እጣላለሁ፤ ሲሪንቃ ጋ መንገዱ ቀጥ ሲል የመብራት ምሰሶዎቹ እያነሱ እያነሱ ሄደው አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ለማየት። ክፍል ውስጥም ልጆቹን መንገድ አስያልኳቸው። ሁሉም ሩቅ ያለውን መስጊድ ወይ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ካለው ባጃጅ አስበልጠው ሳሉት። አንዷን ለምን ብላት፣ መስጊድ እንዴት ከባጃጅ ያንሳል ብላ ገላመጠችኝ።  ማነስና መራቅ አንድ አይደሉም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ፤ እሷም አላመነች፣ እኔም በደንብ አላስረዳሁም።

በዚያው ሰሞን አባባ እኔ ቤት ነበሩ። አባቴን ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ከመርሳ ገባ ብሎ ያለ የሐብሩ ገጠር ሰው ናቸው፤ ገበሬ ናቸው፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። የደም ግፊት ጥሏቸው ግራ እጅና ግራ እግራቸው አልታዘዝ ሲል፣ ከሐኪም እንዳይርቁ ተብሎ ወልድያ እኔ ጋ አመጣናቸው። መንደራችን መኪና የሚገባው እስከ ወንዙ ድረስ ነው፤ ከወንዙ ወዲያ ድንጋይና ዳገት ነው። ቤቱን የሚጠብቀው ታናሽ ወንድሜ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከጎረቤት ጋር ሆነን በቃሬዛ እንውሰዳቸውና ቤታቸውን ይዩ ብሎ ነበር። አባባ አልሰሙም።

«በእግሬ ወጥቻለሁ፣ በእግሬ እገባለሁ» አሉ። «ቃሬዛ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።»

በየጠዋቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ከአልጋው ተነስተው እስከ መስኮቱ ይሄዱ ነበር። እኔ ወጥ እያማሰልኩ በጆሮዬ እከታተላቸዋለሁ። እግር፣ ምርኩዝ፣ እግር፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። ቤታቸው ይመለሳሉ ወይስ አይመለሱም የሚለው ጥያቄ ከእኛ ጋር ይበላ፣ ከእኛ ጋር ይጠጣ ነበር፤ አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ ግን የለም። መንደር ደግሞ መደባቸው ባዶውን ይጠብቃቸዋል። በእኛ ቤት አባት በሕይወት እያለ መደቡ ላይ ልጅ አይቀመጥም። ገበያ ቢወርድም፣ ሐጅ ቢሄድም፣ ቦታው ቦታው ነው። ወንድሜ በየጠዋቱ በላዩ ያለችውን አጎዛ አራግፎ መልሶ ያነጥፋታል፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ሄዶ ይቀመጣል። መደቡ ባዶ እስከሆነ ድረስ አባባ ይመጣሉ ማለት ነው።

አባባ ወረቀትና ማስመሪያዬን አይተው ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስዕል ስላቸው ፊታቸው ተቀየረ፤ ሩህ ያለው ነገር እንዳልስል አስጠነቀቁኝ። አብሽሩ አባባ፣ እኔ ብስለውም ነፍስ ያለው ነገር አይመስልም አልኳቸው። መንገድና ግድግዳ ብቻ እንደምስል ሲያዩ ደስ አላቸው። ነጥቡን አሳየኋቸው፣ የዓይን መስመሩን አሳየኋቸው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ቀጥ እንዳለ እንደሚቀር፣ እየራቀ የሚሄደው ብቻ ወደ ነጥቡ እንደሚሰበሰብ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ቤቴን ሳይልኝ አሉ። ፎቶ አለ አባባ ብዬ ወንድሜ የላከውን በስልኬ አሳየኋቸው። ስልኩን አላመኑትም። ያብለጨልጫል፣ ጣት ሲነካው ይሸሻል፣ ቤቴ በኪስ የሚገባ አይደለም አሉ።

እኔም ደስታውን አልቻልኩትም። ያ ቤት ለባለ አንድ ነጥብ ስዕል ታስቦ የተሠራ ነው የሚመስለው። ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው፤ መሃሉን በግራና በቀኝ የተደረደሩ የእንጨት ምሰሶዎች ይዘውታል፤ በሁለቱ ግድግዳ ሥር የእንግዳ መደብ ተዘርግቷል፤ ከጫፍ፣ በሩን ፊት ለፊት እያየ፣ የአባባ መደብ አለ። ቅዳሜ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩና ጀመርኩ። ምሰሶዎቹ እየራቁ ሲሄዱ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በምን ያህል እንደሚጠብ አላውቅም ነበርና በግምት ሳስገባቸው የመጨረሻዎቹ ግድግዳውን አልፈው ውጭ ወጡ። ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ከዚያ አንድ ዘዴ አገኘሁ፤ ከመጀመሪያው ምሰሶ አናት ተነስቼ በሁለተኛው ምሰሶ ወገብ ላይ አልፌ ወለሉ ድረስ መስመር ስስብ፣ መስመሩ የሚያርፍበት የሦስተኛው ምሰሶ እግር ነው። እንደገና ብሞክረው እንደገና ሠራ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ወንድሜ ከጓሮ ብቅ ብሎ ምን ሆነሽ አለኝ።

አባባ ስዕሉን በደህናው እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት። ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ። ያቺን በጥድፊያ ያስገባኋትን የጠመመች የጣሪያ ወራጅ ሳይቀር አገኟት። እኔ ማሻአላህ የሚባል ነገር እየጠበቅኩ ነው።

ልክ ነው አሉ። ምሰሶው ልክ ነው፣ ማገሩ ልክ ነው፤ ቤቱ ግን የእኔ ቤት አይመስልም አሉ። እርር አልኩ። የቱ ጋ ነው የተሳሳተው ብዬ ወረቀቱን ልቀማቸው ምንም አልቀረኝ። ከጫፍ ያለችውን፣ ከጥፍር የማትበልጠውን መደብ አሳዩኝ።

«እኔ መደቤን አይቻት አላውቅም ልጄ» አሉ። «እሷ ላይ ነው የምቀመጠው።»

ቁጣዬ ሳይወጣ ጠፋ። ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት እየከተፍኩ አሰብኩበት። እውነታቸውን ነው። ታዲያ እኔ የሳልኩት የማንን ቤት ነው? የራሴን ነዋ። ልጅ ሆኜ፣ ሰዎች ለዱዓ ወይ ለእርቅ ሲሰበሰቡ፣ የእጅ ማስታጠቢያውን ኩስኩስት ይዤ የምቆመው በዚያ በር ላይ ነበር። ጥሪ እጠብቃለሁ። ጠብቄ ጠብቄ እግሬ ይደነዝዛል። ከዚያ ርቀት አባባ ትንሽ ነበሩ፣ ሰዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው ወደ እሳቸው ይሰበሰቡ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከቤቱ ሁሉ የመጨረሻዋ ነበርኩ። ነጥብና መስመር ከማወቄ በፊት ያን ስዕል አውቀው ኖሯል።

በሳምንቱ ወደ ውስጥ ገባሁ። የአባባ መደብ ላይ እንደማልቀመጥ የታወቀ ነው። ከእሱ በስተቀኝ ካለው የእንግዳ መደብ ጫፍ ተቀመጥኩና ፊቴን በሩ ወዳለበት ግድግዳ አድርጌ ሳልኩ። ቦታዋ ትንሽ ወደ ጎን ብትል እንጂ እይታው ያው ነው ብዬ ነው። ነጥቡ ግን እኔ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ አረፈ፤ በሩ ወደ ግራ ሸሸ፤ በበሩ በኩል ደጅ ያለው የማንጎ ዛፍ ግማሹ ተከልሎ ከወንዙ የሚመጣው መንገድ ቁልጭ ብሎ ወጣ። የተበላሸ መሰለኝ፤ ግን ሌላ ስላልነበረኝ ይዤው መጣሁ።

አባባ አንዴ አይተው ሳቅ ጀመሩ። ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አላየኋቸውም። ይቺማ የወዳጄ ቦታ ናት አሉ። ወዳጃቸው ከጉባ ላፍቶ ደጋ የሚወርዱ ክርስቲያን ገበሬ ነበሩ፤ መርሳ ገበያ በመጡ ቁጥር እኛ ቤት አርፈው ነው የሚመለሱት፣ ቦታቸውም ከአባባ ቀኝ ነበር። ከሞቱ ቆይተዋል። እኒያ ሰው ሁልጊዜ ገና ውሻ ሳይጮህ እንግዳ እየመጣ ነው ይሉ ነበር፤ አባባ ጂን አለብዎ እያሉ ሲቀልዱባቸው ኖረዋል።

ለካ መንገዱ ይታያቸው ኖሯል አሉ አባባ፣ እንባቸውን በእጃቸው መዳፍ እየጠረጉ። ለካ ሳይነግሩኝ፣ ጂኑን ይዘው ይኮሩብኝ ነበር አሉ። ስዕሉን ትራሳቸው ሥር አስገቡት።

ከዚያ በኋላ የባሰባቸው እሳቸው ሆኑ። ዓርብ ሲመጣ ነገ ትሄጃለሽ አይደል ይሉኛል። ከዚያ ምሰሶ ሥር ብትቀመጪስ፣ ከዚያ ጥግስ፣ ያ በነገር አልስማማ የሚለው ሰውዬ የሚቀመጥበትስ? የዚያን ሰውዬ ቦታ ስስል አንድ ምሰሶ ልክ በአባባ መደብ አቅጣጫ ተጋረጠ። አባባ ይሄን ሲያዩ፣ ሰውዬው ለካ ምሰሶው ከልሎት ነው ፊቴን የማያየው፣ እኔ ደግሞ ደፍሮ አያየኝም እያልኩ እታዘበው ነበር አሉ። አንድ ቤት ውስጥ ይሄን ያህል ቤት መኖሩ ገረመን። እሳቸው ከአልጋ ላይ፣ እኔ ከአልጋው ሥር፣ ወረቀቶቹን ዘርግተን ስንከራከር ልጆቼ መጥተው ያዩናል።

አንድ ቅዳሜ የእናቴን ቦታ ሳልኩ። እናቴ ከሞተች ብዙ ዘመኗ ነው። እንግዳ ሲኖር ጓዳው በር አጠገብ ዱካ በምንለው በርጩማ ላይ ነበር የምትቀመጠው። ዱካው አሁንም አለ፤ ተቀመጥኩበት። የዓይኔ መስመር ከእንግዳው መደብ ጠርዝ ብዙም አልራቀም፤ ጣሪያው ደግሞ የሌላ ቤት ጣሪያ ይመስል ሰማይ ወጣ። ከዚያ ሆና የምታየው ጉልበትና የልብስ ጠርዝ ብቻ እንደነበር ገባኝ። ይህን ስዕል ሳሳያቸው አባባ አልሳቁም። ዱካው ማጠሩን አንድም ቀን አልነገረችኝም አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እኔም ወረቀቱን ሰበሰብኩ።

በስዕሉ ተጠምጄ አንድ ነገር አላስተዋልኩም። ጠዋት ጠዋት የምርኩዙ ድምፅ ቀርቷል። መቼ እንደቀረ እንጃ። አንድ ቀን ወጥ እያማሰልኩ ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ገብቼ ሳይ ምርኩዙ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ አባባ አልጋቸው ላይ ሆነው የወዳጃቸውን ስዕል ያያሉ።  ዛሬ አልተራመዱም ወይ ልላቸው አስቤ ወደ ወጤ ተመለስኩ።

የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሁለታችንም አናነሳውም። እኔ ብልጥ ልሁን ብዬ በሒሳብ ልወጣው ሞከርኩ። የመደቡን ከፍታ ለካሁ፣ አባባ አልጋ ላይ ቀና ብለው ሲቀመጡ ዓይናቸው ምን ያህል እንደሚነሳ በክር ለካሁ፣ የቤቱን ርዝመትና የምሰሶዎቹን ርቀት አውቀዋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ፣ ማንም ሳይቀመጥ፣ ከዚያ መደብ ላይ የሚታየውን ቤት አወጣሁት። ምሰሶዎቹ በየቦታቸው ገቡ፣ የሁለቱ ወገን መደብ መስመሩን ጠብቆ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ውስጥ ግን ምን ላድርግ? በሩን አልፎ የሚታየውን ክር አይለካውም። ነጭ ትቼው አሳየኋቸው።

አባባ ስዕሉን ጭናቸው ላይ አደረጉት። በአንዴ አወቁት።  ጣታቸው በምሰሶዎቹ መሃል ሄዶ ሄዶ ነጩ በር ላይ ቆመ።

«እዚህ ውስጥ ምን አለ?»

«አላውቅም አባባ» አልኩ። «ካልተቀመጥኩበት አይታየኝም።»

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባባ የማይታዘዘውን ግራ እጃቸውን በቀኛቸው አንስተው ከስዕሉ ላይ ወደ ጎን አስቀመጡት፣ ቀስ ብለው፣ ተኝቶ እንዳይነቃ እንደሚፈሩለት ሕፃን። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ተቀመጪበት» አሉ።

ኧረ አባባ፣ ሲሻልዎት አብረን እንሄዳለን፣ ኢንሻአላህ ራስዎ ተቀምጠው ይነግሩኛል አልኩ። ቃላቱ ሲወጡ ለራሴም ቀለሉብኝ። አባባ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ተቀመጪበት አልኩሽ። ወንድምሽም ይቀመጥበት። አጎዛዋን ብል እንዳይበላት።»

ቅዳሜ ሄጄ ለወንድሜ ስነግረው አላመነኝም። አባባ እንዲህ አይሉም ብሎ ተቆጣኝ፤ ስዕል ስዕል ስትዪ አሳዘንሻቸው አለኝ። ስልክ ደውዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰጠሁት። አባባ ከወልድያ ሆነው የተናገሩት አጭር ነበር፤ እኔ ነኝ ያልኳት፣ ተዋት ትቀመጥ፣ እሷ ስትነሳ አንተ ትቀመጣለህ። ወንድሜ ስልኩን መለሰልኝና ወደ ማንጎው ወጣ። ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ ሲቆም ከበሩ አየሁት።

ጫማዬን አወለቅኩ። ቢስሚላህ ብዬ ተቀመጥኩ። አጎዛዋ መሃሏ ላይ ጎድጉዳለች፤ ዕድሜ ልክ በአንድ ሰው የጎደጎደች ነች። እሪ ብዬ አለቀስኩ። ልጅ ሳለሁም እንዲያ ያለቀስኩ አይመስለኝም። ሲወጣልኝ ፊቴን በነጠላዬ ጠርጌ፣ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ቤቱ ተገለበጠ። ከበሩ ሆኜ ሳየው ሁሉም ነገር ወደ መደቡ ነበር የሚሰበሰበው። አሁን ወራጁም፣ ምሰሶውም፣ የሁለቱም ወገን መደብ፣ የወለሉ ምንጣፍ ጠርዝ ሳይቀር ወደ በሩ ይሮጣል። ከበሩ ወዲያ የማንጎው ግንድ አለ፣ ከእሱ ወዲያ የመስኖው ቦይ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማይ። ነጥቡን ፈለግኩት። በሩ መሃል ገባ፣ ከደፉ በላይ፣ የበሩን ግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ። ያ ከፍታ ገረመኝ፤ ለቆመ ትልቅ ሰው ደረት ነው። ተነስቼ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩና በእጄ ለካሁት። የእኔ ደረት ጋ ነው። ማን ነው እዚህ ቢቆም ዓይኑ እዚህ ጋ የሚሆነው?

መጽሐፉ ያለው አንድ ነገር አለ፤ ለክፍል ሳስተምረው ብዙ ቁም ነገር ያለው አልመሰለኝም ነበር። ወለሉ እኩል ከሆነ፣ ዓይኑ ከዓይንህ እኩል የሆነ ሰው ቢቀርብም ቢርቅም ከዚያ መስመር ዝቅ አይልም ይላል። አካሉ ያንሳል፣ ዓይኑ ግን ከዓይንህ እኩል ይቆያል። በሩ ላይ ቆሜ እጄን ደረቴ ላይ እንዳደረግኩ ይሄ ትዝ አለኝ። ኩስኩስት ይዛ የምትቆም ልጅ ነበረች እዚህ ቦታ። የሰባት የስምንት ዓመት ልጅ።

ስዕሉን ጨረስኩት። ልጅቷን አልሳልኳትም፤ ሩህ ያለው አይሳልም፣ ደግሞም ድመት ትመስልብኝ ነበር። በሩን፣ ደፉን፣ ማንጎውን፣ ቦዩን ሳልኩ። ሌላ ጊዜ ስዕል ሲያልቅ ነጥቡን በላጲስ አጠፋለሁ። ይሄኛውን ተውኩት። ከቤቱ ስወጣ ወንድሜ ገብቶ መደቡ ጫፍ ላይ፣ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው፣ ተቀምጦ ነበር።

ወልድያ ደርሼ ስዕሉን ለአባባ ሰጠኋቸው። ያዙት። ዓይናቸው በማንጎው ሄደ፣ በቦዩ ሄደ፣ ተመልሶ በሩ ላይ አረፈ።  ውጭ ባጃጅ አለፈ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ተከፈተ። ከዚያ ጣታቸውን ልክ ነጥቧ ላይ አደረጉ።

«እዚህ ጋ ነበርሽ የምትቆሚው» አሉ። «ኩስኩስቱ ከብዶሽ በሁለት እጅሽ ይዘሽ።»

ያዩኝ ነበር ወይ አልኳቸው። 

ሰው ሲያወራ ሌላ የት አያለሁ፣ በሩ ፊት ለፊቴ ነው አሉ። እንዲህ ሲሉ ነገሩ ለእሳቸው ምንም አልነበረም፤ ስለ ቤቱ አሠራር እንደሚነግሩኝ ነው። ሽማግሌ ሲጣላ፣ ነገር አልቋጭ ሲል፣ እግሬ ደንዝዞ በአንዱ ስቆም ሲያዩ ስብሰባውን ቶሎ እንደሚበትኑት ነገሩኝ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ከቤቱ የመጨረሻዋ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት።

ስዕሉን ከአልጋቸው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ዝቅ አድርጊው አሉኝ። ዝቅ አደረግኩት። አሁንም ዝቅ አሉኝ፤ አልጋቸው ላይ ቀና ሲሉ ነጥቧ ከዓይናቸው እኩል እስክትሆን ድረስ ሚስማሩን ሦስቴ ነቅዬ ተከልኩ። ለማንም ቆሞ ለሚያየው ሰው ስዕሉ እንግዲህ ደረቱ ጋ ነው። ሚኒባስ ስሳፈር የምጣላለት ነጥብ ያለው እዚያ ነው።

የአስር ሶላት ደረሰ። ውዱእ የሚያደርጉበትን ውሃ እንዳመጣ ጠየቁኝ። ኩስኩስቱን ሞልቼ ስመለስ፣ ከብዶኝ በሁለት እጄ ይዤው ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ፤ እጅጌያቸውን እስኪሰበስቡ። አባባ ቀና ብለው ስዕሉን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«አሁን ቤቴ ሞላ» አሉ፤ እጃቸውንም ዘረጉልኝ።